የቱን ያዥ ልግዛ? ለድሬዳዋና ለሐረር የውሃ ማጣሪያና የእርጥበት ማስወገጃ ንጽጽር

ድሬዳዋ ላይ የውሃ ማጣሪያ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው ማንቆርቆሪያው ውስጥ በሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። የሚሸጥለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካርቦን፣ ማለትም ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል ነው። ካርቦን ቅርፊቱን የሚሠራውን ካልሲየም አይነካውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ገዢው «ማጣሪያው የማይረባ ነው» ይላል፤ ማጣሪያው ግን የራሱን ሥራ በደንብ ሲሠራ ከርሟል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ከውሃው ወይም ከአየሩ ውስጥ የትኛው ነገር እንዲያዝልዎ እንደሚፈልጉ ይለዩ። ዋጋና የዕቃ ስም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

አድሶርፕሽን የሚባለው በውሃ ወይም በአየር ውስጥ ያለ ሞለኪውል በአንድ ጠጣር ነገር ገጽ ላይ ተለጥፎ ሲቀር ነው። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ጥሩ ያዥ (ሞለኪውሉን የሚይዘው ጠጣር ነገር) ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው፤ የአንድ ግራም አክቲቬትድ ካርቦን ውስጣዊ ገጽ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። ገጹ ሲሞላ ሥራው ያበቃል። እያንዳንዱ ገጽ የሚወደው ሞለኪውል አለው። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የተለጠፈው ይላቀቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ብልሽቶች አብዛኞቹ ከነዚህ ከሦስቱ የሚመጡ ናቸው።

ውሃው ውስጥ ምን አለ?

ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችን የማያውቅ የለም። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ሐረርም የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከድሬዳዋ አካባቢ በሚሳብ የጉድጓድ ውሃ መጠቀም ስለጀመረች፣ ጀጎል ውስጥም ቅርፊቱ ይታያል። ናይትሬት ደግሞ ሽንት ቤትና ፍሳሽ ከጉድጓድ ጋር በተጎራበቱበት ከተማ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ በድሬዳዋም የቆየ ጉዳይ ነው። በቧንቧ የሚመጣው ውሃ በዚህ ላይ ክሎሪን አለው።

እንግዲህ በአጭሩ፦

የክሎሪን ሽታና ጣዕም ከሆነ ካርቦን ይግዙ።
ነጭ ቅርፊት ከሆነ ካርቦን አይረዳም፤ ሬዚን (ካልሲየምን ይዞ በምትኩ ሶዲየም የሚለቅ ያዥ) ያስፈልጋል፣ ወይም ለሻይና ለቡና ብቻ ከሆነ አፍልቶ ማስቀመጥና ከላይ ጠለል ያለውን መቅዳት ይበቃል። ማፍላት የሚያወርደው ከባይካርቦኔት ጋር ያለውን ካልሲየም ነው፤ ከሰልፌት ጋር ያለው እዚያው ይቀራል።
ናይትሬት ከሆነ አኒየን ሬዚን (እንደ ናይትሬት ያሉትን የሚይዝ ሌላ የሬዚን ዓይነት) ወይም አር ኦ (ውሃን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ማፍላት ናይትሬትን አይቀንስም፣ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ያጠነክረዋል።
ፍሎራይድ ከሆነ አክቲቬትድ አሉሚና ወይም የአጥንት ከሰል ይሆናል።
ጀርም ከሆነ ግን ከነዚህ ያዦች በአንዱም አይተማመኑ፤ ክሎሪን ወይም ማፍላት ያስፈልጋል።

ከመግዛትዎ በፊት የውሃውን ጥንካሬ (የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠኑን)፣ ናይትሬትን፣ ፍሎራይድንና ቀሪ ክሎሪንን ያስመርምሩ። ለናይትሬት የሚወሰደው ናሙና በንጹህ ጠርሙስ ተሞልቶ በቀዝቃዛ ሁኔታ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ቢደርስ ይመረጣል፤ በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ የዋለ ናሙና የሚሰጠው ቁጥር አያስተማምንም። ውጤቱን ሲያነቡ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ያስታውሱ፤ ለናይትሬት 50 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ናይትሬት «እንደ ናይትሮጅን» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ቁጥሩን በ4.4 ያባዙት፤ ወረቀቱ ላይ 12 የሚለው ከመመሪያው በላይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ካርቦን፦ ጥራጥሬ፣ ብሎክ፣ ዱቄት፣ ወይስ የቤት ከሰል?

በመጨረሻው እንጀምር። የምግብ ማብሰያ ከሰል፣ ከግራርም ይሁን ከፕሮሶፒስ የተከሰለ፣ አክቲቬትድ አይደለም። ቀዳዳዎቹ በከሰላው ጊዜ በተፈጠረ ሬንጅ መሰል ነገር የተደፈኑ ስለሆኑ ለመያዝ የሚሆነው ገጽ ትንሽ ነው። አክቲቬትድ ካርቦን የሚሠራው ከሰሉን እንደገና ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት በእንፋሎት በመክፈት፣ ወይም እንጨቱን ከመክሰሉ በፊት እንደ ፎስፎሪክ አሲድ ባለ ኬሚካል በመንከር ነው። የቤት ከሰል ለማቀዝቀዣ ሽታ ትንሽ ይረዳል፤ ለመጠጥ ውሃ ግን አይገባም። ዱቄቱ ከውሃው ጋር ይመጣል፣ ምን ያህል እንደሚይዝም የሚለካለት የለም።

ጥራጥሬ ካርቦን ርካሽ ነው፣ ውሃም በቀላሉ ያሳልፋል። ድክመቱ ውሃው መንገድ መቅደዱ ነው። ጥራጥሬዎቹ በግፊት ሲገፉ በአንድ በኩል ክፍተት ይፈጠርና ውሃው ካርቦኑን ሳይነካ ያልፋል። የድሬዳዋና የሐረር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ይህ ቶሎ ይከሰታል፤ ቧንቧው አየር ተፍቶ፣ ደለል ይዞ፣ በድንገተኛ ግፊት ሲመለስ ጥራጥሬው ይገለባበጣል። ብሎክ ካርቦን ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ መንገድ አይቀደድበትም፣ እንደ ቀዳዳው መጠንም ደለል ጨምሮ ያስቀራል። በአንጻሩ ቶሎ ይደፈናል። ግፊቱ ደካማ በሆነ ቤት፣ በተለይ ሮቶው ከጣሪያ ላይ አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ፣ ብሎክ ካርቦን ውሃውን ወደ ጠብታ ይለውጠዋል። በእኛ ግምገማ በቀጥታ ከቧንቧ በጥሩ ግፊት ለሚያገኝ ቤት ብሎክ፣ ከሮቶ በስበት ለሚወርድ ጥራጥሬ ይሻላል። ዱቄት ካርቦን ለቤት ሳይሆን ለፋብሪካና ለውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው፤ ውሃው ውስጥ ተበጥብጦ ይጨመርና ከደለሉ ጋር ይወገዳል።

የሚመጣው ካርቦን ከምን እንደተሠራም ይጠይቁ። ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው ጠባብ ቀዳዳ ስለሚበዛው እንደ ክሎሮፎርም ላሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ይበልጣል፣ ጥራጥሬውም ጠንካራ ነው። ከእንጨት የሚሠራው ሰፊ ቀዳዳ ስላለው ለቀለም ይመረጣል። ማሸጊያው ላይ «አዮዲን ቁጥር» የሚል ካለ ከ900 በላይ ይፈልጉ፤ አንድ ግራም ካርቦን ስንት ሚሊ ግራም አዮዲን እንደሚይዝ የሚናገር ነው። 500 ወይም 600 ከሚል ካርቦን ያንኑ ያህል ሥራ አይጠብቁ።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የመገናኛ ጊዜ ነው። ሞለኪውሉ ወደ ቀዳዳው ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። በተለመደው ባለ 10 ኢንች ካርትሪጅ (የሚቀየረው የማጣሪያ ክፍል) ውስጥ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ካርቦን አለ እንበል። ቧንቧው በደቂቃ 4 ሊትር ከፈሰሰ ውሃው ከካርቦኑ ጋር የሚቆየው 7 ሰከንድ ተኩል ብቻ ነው። ወደ 1 ሊትር ከተቀነሰ ግማሽ ደቂቃ ይሆናል። ለክሎሪን ሰከንዶች ይበቁ ይሆናል፤ ለነዳጅ ሽታ ወይም ለፀረ ተባይ ኬሚካል ግን የሚታሰበው ደቂቃዎችን ነው፣ በትላልቅ ማጣሪያዎች 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ጉድጓዱ አጠገብ ጋራዥ ወይም ነዳጅ ማደያ ካለ አንድ ካርትሪጅ አያድንም። ሁለት በተከታታይ ይግጠሙ፣ በመካከላቸው መቅጃ ያድርጉ፤ ሽታው ከመጀመሪያው ማዶ ሲወጣ ሁለተኛውን ወደ ፊት ያዙሩና አዲሱን ከኋላ ያስገቡ።

በነገራችን ላይ ካርቦን ክሎሪንን የሚያስወግደው በመለጠፍ ብቻ አይደለም። ክሎሪኑ ከካርቦኑ ገጽ ጋር ተዋህዶ ወደ ክሎራይድ ይለወጣል፣ ለዚህም ነው አንድ ካርትሪጅ ለክሎሪን ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለው። መዘዙ ግን ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ጠባቂ የሌለው መሆኑ ነው። ያንን ውሃ ጀሪካን ውስጥ ለሦስት ቀን ማስቀመጥ ማጣሪያ ከሌለው ቧንቧ የባሰ ሊሆን ይችላል። ለማጠራቀም የሚፈልጉትን ውሃ ከነክሎሪኑ ያጠራቅሙ፣ ሊጠጡት ሲሉ ብቻ በካርቦን ያሳልፉ።

የመግጠሚያ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ባለ 5 ማይክሮን የደለል ካርትሪጅ፣ ቀጥሎ ካርቦን። ጥራጥሬ ካርቦን አዲስ ሲሆን ቀዳዳዎቹ በአየር የተሞሉ ስለሆኑ ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ለአንድ ሌሊት፣ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ። ከዚያ ጥቁሩ ዱቄት እስኪጠፋ ከ10 እስከ 20 ሊትር ያፍስሱ። ውሃ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር የመጀመሪያውን ደለል ማጣሪያውን ሳያስነኩ በሌላ ቧንቧ ይልቀቁት። ቤት ተዘግቶ ከሰነበተ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ሊትር ይድፉ። የመቀየሪያው ጊዜ አምራቹ የጻፈው ነው፣ ብዙዎቹ ስድስት ወር ይላሉ። ክሎሪን መኖሩን በሚለካ ወረቀት ወይም ኪኒን ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ውሃ ይፈትሹ፤ ቀለም መስጠት ከጀመረ ጊዜው ሳይደርስም ቢሆን ይቀይሩ።

የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ፀሐይ ላይ የዋለ ሮቶ ውሃው ለብ ብሎ ወደ ማጣሪያው ይገባል። ሙቅ ውሃ የተለጠፈውን ያላቅቃል፣ ባክቴሪያም ያፋፋል። ማጣሪያውን ጥላ ውስጥ፣ ከኩሽና መታጠቢያ ሥር ይግጠሙ፤ ሮቶውን በጣሪያ ይከልሉ። ከውሃ ማሞቂያ በኋላ ካርቦን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ሐረር ከፍ ስላለችና ስለምትቀዘቅዝ ይህ ችግር እዚያ ይቀንሳል።

ለቅርፊቱ፦ ሬዚን

ሬዚን የአድሶርፕሽን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ካልሲየሙን ገጹ ላይ ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ሲሞላ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ የአፍዴራም ጨው ቢሆን ንጹህ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ጭቃ ያለበት ጨው ግን ሬዚኑን ይደፍነዋል፣ ስለዚህ አሟሙተው ያስቀምጡና ከላይ ያለውን ይጠቀሙ። ከ8 እስከ 10 በመቶ የሆነ የጨው ውሃ ይዘጋጅ፤ ለአንድ ሊትር ሬዚን 150 ግራም ገደማ ጨው ይበቃል።

ስሌቱን ለራስዎ ቤት ያስሉት። አንድ ሊትር ሬዚን በአንድ ዙር በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 50 ግራም ያህል ጥንካሬ ይይዛል። የውሃው ጥንካሬ 400 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆነ፣ 10 ሊትር ሬዚን ወደ 1,250 ሊትር ያለሰልሳል። በቀን 250 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ በየአምስት ቀኑ ያጥበዋል ማለት ነው፤ ለዚያ 1.5 ኪሎ ጨው ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ። በየ100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ 46 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይገባል፣ ስለዚህ ያ ውሃ በሊትር 184 ሚሊ ግራም ተጨማሪ ሶዲየም ይይዛል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት የመጠጥ ቧንቧው ሬዚኑን ሳይነካ ይለፍ፤ የለሰለሰው ለልብስ ማጠቢያ ማሽንና ለውሃ ማሞቂያ ይሁን። እውነቱን ለመናገር፣ ማሞቂያና ማሽን ለሌለው ቤት ሬዚን ወጪው አያዋጣም። ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ አልፎ አልፎ ማፍላት ይበቃል።

ናይትሬት፦ ሬዚን ወይስ አር ኦ?

ከስድስት ወር በታች ሕፃን ያለበት፣ ወተት በውሃ የሚበጠብጥ ቤት ይህንን ቸል ማለት የለበትም፤ ከፍተኛ ናይትሬት የሕፃኑን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይቀንሳል። አኒየን ሬዚን ናይትሬትን ይይዛል፣ ግን ተራው ዓይነት ሰልፌትን የበለጠ ይወዳል። ሬዚኑ ሞልቶ ሳይታጠብ ከቆየ ሰልፌቱ ቀድሞ የተያዘውን ናይትሬት ገፍቶ ያስወጣና ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ከገባው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ሲገዙ ናይትሬት መራጭ የሆነውን ይጠይቁ፣ ማጠቢያ ጊዜውንም አያሳልፉ። በመደበኛ ምርመራ መከታተል ለማይችል ቤት አር ኦ ይሻላል። አር ኦ በሽፋን የሚያጣራ እንጂ በገጽ የሚይዝ አይደለም፤ ካርቦኑ እዚያ የተገጠመው ሽፋኑን ክሎሪን እንዳይበላው ነው። ጉድለቱ ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ከ2 እስከ 4 ሊትር መጣሉና በእኛ ከባድ ውሃ ሽፋኑ ቶሎ መቀርፈቱ ነው። የሚጣለውን ለሽንት ቤትና ለወለል ያጠራቅሙት።

ፍሎራይድ በዋናነት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ የዝዋይና የመቂ አካባቢ ችግር ነው። ምርመራው ከ1.5 በላይ ካላሳየ አይጨነቁበት። ካሳየ፣ አክቲቬትድ አሉሚና ጥሩ የሚሠራው ፒ ኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ወደ 5.5 እና 6 ሲጠጋ ስለሆነ፣ ባይካርቦኔት በሚበዛበት ውሃ ላይ አቅሙ ይወድቃል፤ ለማደስም ኮስቲክ ሶዳና አሲድ ይፈልጋል፣ ይህ ለቤት አይመችም። የአጥንት ከሰል ርካሽ ነው፣ የተከሰለበት ሙቀት ግን ወሳኝ ነው፤ ከ400 ዲግሪ በታች ከሆነ ውሃው ይሸታል፣ እጅግ ነድዶ ነጭ ከሆነ አይይዝም። ጥቁር ወይም ግራጫ ጥቁር ይሁን። አጥንቱ ከምን እንስሳ እንደመጣ፣ እንዴትስ እንደታረደ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሐረር ላይ ያልተጠየቀ ማጣሪያ ማንም ሳይጠጣበት ይቀራል።

እርጥበት፦ ከቤት ሣጥን እስከ ቡና ኮንቴይነር

እርጥበት ለማስወገድ ሲሊካ ጄል፣ ቤንቶናይት ሸክላ፣ ሞለኪውላር ሲቭ (እኩል መጠን ባላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚይዝ ማዕድን) እና ካልሲየም ክሎራይድ አብረው ይሸጣሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አይይዝም፣ ውሃውን ጠጥቶ ይቀልጣል፤ ውድድሩ ግን ከነርሱ ጋር ስለሆነ አብረን እናየዋለን።

ለሰነድ፣ ለካሜራ፣ ለመለኪያ መሣሪያ ሲሊካ ጄል ይበቃል። በጣም እርጥብ አየር ላይ የክብደቱን 35 በመቶ ያህል ይይዛል፣ በድሬ ደረቅ ወቅት ግን አየሩ ራሱ ደረቅ ስለሆነ 15 በመቶ ገደማ ይዞ ይቆማል። መጠኑን ሰዎች ያጋንናሉ። በ30 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር ሞልቶ ቢጠግብ የሚይዘው 30 ግራም ውሃ ነው፤ 20 ሊትር ሣጥን ውስጥ ከ0.6 ግራም አይበልጥም። ሣጥኑ በደንብ ከተዘጋ 20 ግራም ጄል ይተርፋል፣ ካልተዘጋ አንድ ኪሎም ከንቱ ነው፤ ጄሉ የከተማውን አየር ማድረቅ አይችልም። ቀለም ለዋጩን ሲገዙ ከሰማያዊው ይልቅ ብርቱካናማውን ይምረጡ፤ ሰማያዊው ቀለሙን የሚያገኘው ከኮባልት ክሎራይድ ነው፣ ይህም ለጤና የማይመከር ኬሚካል ስለሆነ ከምግብ አጠገብ መቀመጥ የለበትም።

ሞለኪውላር ሲቭ ውድ ነው፣ ጥቅሙ የሚታየው እጅግ ደረቅ አየር ሲፈለግ ነው። አንጻራዊ እርጥበቱ 10 በመቶ በሆነ አየር እንኳ የክብደቱን 20 በመቶ ያህል ይይዛል። ለዘር ማቆያ፣ የጎመንም የሽንኩርትም፣ ከሲሊካ ጄል የሚመረጠው ለዚህ ነው። ለማደስ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ይጠይቃል፣ የቤት ምድጃ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያ አይደርስም። ቤንቶናይት ርካሹ ነው፣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ የያዘውን ይመልሳል። ሐምሌ ላይ ፀሐይ የመታው የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ይህ ሙቀት አይገርምም።

ለቡና ላኪ ነገሩ የተለየ ነው። ከድሬዳዋ ደረቅ አየር የተጫነ የሐረር ቡና ጅቡቲ ሲደርስ የባሕር እርጥበት ይገጥመዋል፣ ወደ ቀዝቃዛ ወደብ ሲቃረብ ደግሞ የኮንቴይነሩ ጣሪያ ያልበዋል፤ ጠብታው ከላይ ባሉት ጆንያዎች ላይ ወርዶ ያሻግታል። ለዚህ የሚመረጠው የሚንጠለጠል ካልሲየም ክሎራይድ ነው፣ ከክብደቱ በላይ ውሃ መጠጣት ስለሚችል። ቀዳዳ የሌለው ማቀፊያ ወይም የጠጣውን ወደ ጄል የሚያጠነክር ዓይነት ይግዙ፤ የፈሰሰ ብራይን (ካልሲየም ክሎራይዱ የሟሟበት ውሃ) ቡናውን ከእርጥበቱ የባሰ ያበላሻል። ማሸጊያውን ኮንቴይነሩ ሊዘጋ ሲል ብቻ ይክፈቱ።

ላኪዎች ከዚህ የሚጠብቁት ግን ከልክ ያለፈ ነው። 300 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ 18 ቶን ይሆናል። ቡናው ከሚገባው በአንድ በመቶ ብቻ ርሶ ከተጫነ 180 ኪሎ ተጨማሪ ውሃ ኮንቴይነር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህንን የሚይዝ ማንጠልጠያ የለም። ማድረቂያው የሚያስተናግደው የአየሩንና የጣሪያውን ላብ ነው፤ ቡናው ከ11 እስከ 12 በመቶ ርጥበት ላይ መሆኑ መጋዘን ውስጥ በመለኪያ መረጋገጥ አለበት፣ ከየቁልሉ መሃል ከተወሰደ ናሙና እንጂ ከላይኛው ጆንያ ብቻ አይደለም። የኮንቴይነሩን ግድግዳ በክራፍት ወረቀት መሸፈንም ከማድረቂያው ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም።

ሲሊካ ጄልን ለማደስ ከፕላስቲክ ከረጢቱ አውጥተው በትሪ ላይ በስሱ ይዘርጉትና በ120 ዲግሪ ለሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ምድጃ ውስጥ ይተዉት፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን በትንሹ ገርበብ አድርገው። ብርቱካናማው ከዚያ በላይ ከሞቀ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ መሙላቱን አያሳይም። ጭራሽ ቀለም የሌለውን ደግሞ በሚዛን ይከታተሉ፦ ደረቅ ሳለ 100 ግራም የነበረው 120 ሲደርስ ወደ ምድጃ ይመለሳል። ሲወጣ ትኩሱን በብርጭቆ ማሰሮ ክዳን አጥብቀው ያቀዝቅዙት፤ ትሪው ላይ ክፍት ሆኖ ከቀዘቀዘ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ የክፍሉን አየር እርጥበት ወዲያውኑ መሳብ ይጀምራል።